ለአንድ ድራይቨር የተነፋ ጥሩምባ

ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት፣ የቀጨኔው ቁልቁለት ድንጋይ ከተነጠፈለት ወዲህ ለሦስተኛ ጊዜ ተቆፍሮ ለሦስተኛ ጊዜ በተተወበት ወራት፣ ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ የስሕተት መልእክት የማያስደነግጣቸው፣ የተወሳሰበ ኬብል ፈቺ፣ የሁለት ሺህ አራት መቶ ሰባት መስመር ኮድ ባላደራ፣ በጉለሌ ምድር የፈጸሙትን ታላቅ ሥራ ትውልድ እንዳይረሳው እነሆ እንጽፋለን፤ ትውልዱ መጀመሪያ ካወቀው ማለት ነው።

በዓለም ላይ አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት አለ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የገዛ፣ ባለቤት የሌለው፣ ማንም ወስዶ የሚጠቀምበት፣ ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ፣ ስለዚህም ሁሉ የሚጨቃጨቅበት። በዚህ ሥርዓት ጓዳ፣ ማንም በማይደርስበት ጥግ፣ አንድ ድራይቨር ይኖር ነበር፤ ድራይቨር ማለት ኮምፒውተርንና አንድን ዕቃ የሚያግባባ አስተርጓሚ ነው። ይህኛው የሚያግባባው ሪባን በመርፌ እየደበደበ የሚያትመውን፣ ሲሠራ እስከ ሦስተኛው ቤት የሚሰማውን አሮጌ ፕሪንተር ነበር። ፕሪንተሩ የአማርኛ ፊደል አያውቅም ነበርና፣ በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት የወይዘሮዪቱ ባለቤት አቶ ኢስሐቅ ፊደላቱን አንድ በአንድ በነጥብ ነድፈው አስተማሩት፤ የነደፉትም በገዛ እጅ ጽሑፋቸው አምሳል ስለነበር የ«ቀ» እግር ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ግራ ትንጋደድ ነበር። አቶ ኢስሐቅ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ስለዚህ ነገር ዜና መዋዕሉ ከዚህ በላይ አይጽፍም።

ሥርዓቱ በተለወጠ ቁጥር ድራይቨሩ ይታመም ነበር፤ ወይዘሮዪቱም በዓመት ሁለት ጊዜ እየተነሡ ያክሙት ነበር። ለምን ተብለው ቢጠየቁ «የሚጠቀምበት ሰው ይኖር ይሆናል» የሚል መልስ አዘጋጅተው ነበር፤ ጠያቂ ስላልመጣ መልሱ ሳይነካ ቆየ።

በዘመነ ማቴዎስ ግን በድራይቨሩ ውስጥ ሌባ የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኘ። የሥርዓቱ ጠባቂዎች፣ በስም እንጂ በመልክ የማይተዋወቁት፣ አርጅቶ ተጠቃሚ ያጣ ነገር ሁሉ ይወገድ ብለው ቆረጡ። ልማዳቸው ይህ ነው፤ መጀመሪያ ይታወጃል፣ ዐሥራ ሁለት ወር ይጠበቃል፣ በእነዚያም ወራት አንድ ሰው እንኳ እጠቀምበታለሁ ካለ ስረዛው ይቀራል። አዋጁን መጻፍ የባላደራዋ ድርሻ ነበርና ወይዘሮዪቱ እንዲህ ብለው ለዓለም ሁሉ በኢሜይል አስነገሩ።

«ይህን ድራይቨር የምትጠቀሙ ሁሉ፣ በየትኛውም አገር ብትሆኑ፣ ተናገሩ። ካልተናገራችሁ ይሰረዛል።»

ዓለምም ዝም አለ። ወይዘሮዪቱ ዐሥራ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት፣ ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ኢሜይላቸውን ይከፍቱ ነበር፤ ለምን እንደሚቸኩሉ ራሳቸውን አልጠየቁም። በዓመቱ ውስጥ የመጣው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም እንደዚህ ያለ ፕሪንተር በዓይኑ አይቶ ከማያውቅ፣ ነገር ግን ስረዛውን በመርህ ደረጃ አጥብቆ ከሚቃወም ጀግና የተላከ ነበር።

ወራቱ ሲፈጸም ወይዘሮዪቱ ድራይቨሩን በመጀመሪያ ከሙከራው ቅጂ አወጡት፤ የሙከራው ቅጂ ለዓለም ከመድረሱ በፊት ጥቂት ደፋሮች የሚቀምሱት ነው። ከእነዚያም ደፋሮች አንዱ፣ ደፋርነቱን ራሱም ሳያውቅ፣ የቀጨኔ እድር ነበር። የእድሩ ቤት ከወይዘሮዪቱ በር ሦስት መቶ እርምጃ ቁልቁል ነው፤ በውስጡ ያለውን ኮምፒውተር አቶ ኢስሐቅ በሕይወት ሳሉ እሑድ እሑድ የሙከራውን ቅጂ እየሳበ ራሱን እንዲያድስ አዝዘውት ነበር፤ እርሱም እንደ ታማኝ ወታደር ትእዛዙን ሳያጓድል ኖረ። ወይዘሮዪቱ ከአላስካ እስከ ኒውዚላንድ ያለውን ሕዝብ ሲጠይቁ፣ እርሳቸው ራሳቸው አባል የሆኑበትን እድር መጠየቅ ዘንግተው ነበር።

እሑድም ድራይቨሩ የወጣለትን ቅጂ ሳበ። በማግሥቱ ሰኞ የእድሩ ዳኛ አቶ ወልዱ፣ የድንኳን አዛዥ፣ የወንበርና የብረት ድስት ጠባቂ፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ ዳገቱን ወጡ። በእጃቸው የአባላት ዝርዝር ነበር፤ በላዩም መቶ ሰማንያ ሦስቱ አባላት በሙሉ፣ ባለጠጋውም ድኻውም፣ የጥያቄ ምልክት ሆነው ተደርድረዋል። ነገ አንዱ የጥያቄ ምልክት ቢሞት ማን ብለን እንለፍፍ ብለው አማረሩ። ወይዘሮዪቱ ዓመት ሙሉ ለዓለም ሁሉ ማስታወቃቸውን በትሕትና ቢያስረዱ፣ አቶ ወልዱ ቀጨኔ ከዓለም የወጣችው መቼ ነው ብለው ጠየቁ፤ ቀጥሎም ፍርዳቸውን ሰጡ።

«በዚህ እድር ጥሩምባ ያልተነፋለት ነገር አልሞተም።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅም ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ያዝናሉ ሲባል፣ ደስ አላቸው። ዓመት ሙሉ የጠበቁት ተጠቃሚ እነሆ በር ላይ ቆሞ ያለከልካል። «ተጠቃሚ ተገኝቷል፣ ስረዛው ይቁም» ብለው ለጠባቂዎቹ ጻፉ፤ ከመላካቸው በፊት ግን ፕሪንተሩን በዓይናቸው ሊያዩ ከአቶ ወልዱ ጋር ወረዱ።

በእድሩ ቤት ጥሩምባ ነፊው፣ ለታ የሚባለው፣ በአንድ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያቸው ከወትሮው ፈጥኖ ተነሣ፣ ካርቶኑንም በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ፤ ይህም ካርቶኑን እንዳያዩት ለማድረግ ከሁሉ የከፋው ዘዴ ነበር። ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ፕሪንተር ነበር፤ አንድ አባል ለእድሩ ከሰጠው ሁለት ዓመት አልፎታል። ወይዘሮዪቱ ካርቶኑን አዩ፣ ቀጥሎም አቶ ወልዱ በማኅተም ቀለም እያራሱ የሚያኖሩትን ያረጀ ሪባን አዩ። አቶ ወልዱ ጥቂት አሳላቸው፤ ከዚያም እንዲህ አሉ።

«አንቺ እንዳይከፋሽ ብለን ነው እንጂ፣ እኛማ ጆሯችን ከደነቆረ ቆየ።»

በግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት ዝርዝር ተለጥፏል። በእድሩ ልማድ የሞተ አባል አይሰረዝም፤ «ያረፉ» ወደሚለው የመጨረሻ ገጽ ይዛወራል። በዚያ ገጽ ከታች ኢስሐቅ ተብሎ ታትሟል፤ «ቅ»ዋ እግሯን ወደ ግራ አንጋድዳለች። ወይዘሮዪቱ ገጹን አንዴ አነበቡ። ከዚያም ካርቶኑ ይከፈት አሉ፤ ያልተላከውንም መልእክት አጠፉ።

በማግሥቱ ጠዋት ለታ በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም በኩል ወጥቶ ጥሩምባውን ነፋ፤ እንዲህም ብሎ ለፈፈ።

«የእድራችን አሮጌ ፕሪንተር፣ የአቶ ኢስሐቅ ፊደል የነበረበት፣ አገልግሎቱን ፈጽሞ ተሰናብቷል። ከዛሬ ጀምሮ ዝርዝር በአዲሱ ይታተማል። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።»

ከጥሩምባው ቀጥሎ ያለውን ግን ማን አዳመጠ? ሠራዊቱ እንደ ልማዱ ከተተ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የወጡ ዐሥራ አንድ ሴቶች፤ ድንኳን ተሸካሚዎች ስድስት፤ ወንበር ተሸካሚዎች አራት፣ ከእነርሱም ሁለቱ በወንበሩ ላይ ተቀምጠው፤ ከሸጎሌ በሚኒባስ የደረሱ አንድ ዘመድ፣ የማን ዘመድ እንደሆኑ ያልታወቀ፤ ከሁሉም ኋላ ባለሱቋ ማሚቴ፣ የሟቹን ስም ሳትጠይቅ ንፍሮ የጣደች። የሞተው ፕሪንተር መሆኑ በተነገራቸው ጊዜም ማንም አልተመለሰም፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮውም በስሏል። እስከ እኩለ ቀን ተቀመጡ፣ ስለ ፕሪንተሩም ጩኸት ብዙ ክፉ ነገር አወሩ፤ ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ፣ ለፕሪንተር መባል የማይገባውን ቃል ለወይዘሮዪቱ እየተናገሩ፣ እጃቸውን እየጨበጡ ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ወደ ቤታቸው ወጥተው ተቀመጡ፤ መብራትም ባልተለመደ ደግነት አልጠፋም፤ ስረዛውን ለዓለም አጸኑት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌባው መግቢያ አጣ፣ ጠባቂዎቹ አንዲት አጭር ምስጋና ላኩ፣ በመርህ የሚቃወመውም ጀግና ሦስት ገጽ ተቃውሞ ጻፈ፤ አዲሱ ፕሪንተርም ድምፅ የለውምና በቁልቁለቱ ታላቅ ጸጥታ ሆነ።

እንግዲህ ምስጋና ይድረሳቸው፤ ጠላት በሌለበት ጦርነት ድል ለነሡት፣ ዓለምን ለጠየቁት፣ መልሱን ከጎረቤት ላገኙት። የቀደሙት ኃያላን ከተማ ሠርተው ስማቸውን በድንጋይ ጻፉ፤ እርሳቸው ግን ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰባት መስመር ደመሰሱ፣ ሥርዓቱን ሠርተው ያለፉ ሰዎች በሚመዘገቡበት በመጨረሻው ገጽ ላይም አንድ መስመር ጨመሩ፤ እርሷም እንዲህ ትላለች፦ ኢስሐቅ፣ ከቀጨኔ፣ ፊደሉን በነጥብ የነደፈ።