ለማንሳትስ ስንት ሰዓት?

ስብሰባ ባለበት ሁሉ አንዲት ጌጥነሽ አትጠፋም። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አውሮራ ከተማም ይሁን ሞንትቤሎ ሰፈር፣ ሰብሳቢው «እንግዲህ ከሌለ እንዝጋ» ሲል፣ ሰውም ጃኬቱን ሲያነሳ፣ ከወደ ኋላ አንድ እጅ ይወጣል። «አንዲት ጥያቄ ብቻ» ይላሉ ክብርት ወይዘሮ ጌጥነሽ። አንዲቷ ጥያቄ ሦስት ትወልዳለች፤ ሦስቱም የልጅ ልጅ ያያሉ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በትዳር አብሯት የኖረው ባሕሩ በዚህች ጥያቄ ያላፈረበት አዳራሽ የለም። ፓስተሩ ስለ ትዕግሥት ሰብኮ ሲያበቃ፣ ስብከቱ ለምን ከአርባ ደቂቃ እንዳለፈ ጠይቃለች። ሠርግ ላይ ሙሽራውንና ሙሽሪትን «የት ተዋወቃችሁ?» ብላ ለየብቻ ጠይቃ፣ ሁለት ዓይነት መልስ ይዛ ተመልሳለች። ያኔ ባሕሩ አጎንብሶ ያልተፈታ የጫማ ክር ማሰር ይጀምራል።

በፈረንጆቹ 2006፣ በጁላይ ወር፣ ባሕሩ ኮሜርስ ሲቲ ካለው የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ሥራ ጨርሶ በቫኑ ሲመለስ፣ የትራፊክ መብራት ላይ ሦስት መኪኖች ከበቡት። ሄልሜት ያደረጉ፣ ጥይት መከላከያ የለበሱ፣ ረጅም ጠመንጃ የደገኑ ፖሊሶች ዘለው ወረዱ። ጦር ሜዳ የዘመቱ እንጂ መንገድ የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር። ውረድ አሉት፣ ወረደ። ተኛ አሉት፣ በደረቱ ተኛ። አስፋልቱ ጉንጩን ጠበሰው፤ ጀርባው ላይ ጉልበት ተተከለበት። ሃያ አምስት ደቂቃ። በመጨረሻ የሚፈልጉት ቫን ሌላ መሆኑ በሬድዮ ተነገራቸው። ካቴናውን ፈተው «መሄድ ትችላለህ» አሉትና መኪናቸው ውስጥ ገቡ። እሱ ገና መሬት ላይ ነበር።

ቤት ሲደርስ «ወደቅኩ» አለ።

«ወድቀህ ነው ሁለቱም እጅህ ላይ ቀለበት የወጣብህ?» አለች ጌጥነሽ።

ሁለት ቀን ጠየቀችው፤ በሦስተኛው ቀን ነገራት። «ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎም ቃል አስገባት። «ባሕሩ መንገድ ላይ እንደ ሌባ ተነጥፎ ነበር መባል አልፈልግም።»

በሳምንቱ ፖሊሶች ሊገዙ ስላሰቡት ጠመንጃና ብረት ለበስ መኪና ለነዋሪው ሊያስረዱ ሞንትቤሎ ውስጥ ስብሰባ ጠሩ። ባሕሩ ብቻዋን ቢልካት ምን እንደምትናገር ስላላመናት አብሯት ሄደ። የፖሊሶቹ ኃላፊ ስላይድ እየቀያየረ፣ ወንጀለኛው ስለታጠቀ እኛም መታጠቅ አለብን አለ። የባሕሩ ጥርስ ተፋጨ። ሰብሳቢዋ «ከሌለ እንዝጋ» ስትል እጅ ወጣ።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ። በዚህ ጠመንጃ ስንት ሰዓት ትሠለጥናላችሁ?»

«አርባ ሰዓት» አለ ኃላፊው ኮራ ብሎ።

«በስህተት አስፋልት ላይ ያስተኛችሁትን ሰው ለማንሳትስ?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም። «እሱ ለብቻው ትምህርት የለውም፣ እመቤት። የደረሰ ነገር ካለ ቀኑንና ቦታውን ይንገሩን። ያለዚያ ወሬ ነው።»

ጌጥነሽ አፏን ከፈተች። ቀኑን ታውቃለች። መንገዱን ታውቃለች። ደቂቃውንም ታውቃለች። ወደ ባሕሩ ግን ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

«የለኝም» ብላ ተቀመጠች።

ባሕሩ ይህችን ሴት ተረትታ ስትቀመጥ አይቶ አያውቅም። አፏን የለጎመው የእሱ ኀፍረት ነው። ንዴቱ ከእግር ጥፍሩ ተነሥቶ አናቱ ላይ ወጣ፤ በኃላፊው፣ በስላይዱ፣ በራሱም ተናደደ። ብድግ አለ። እንግሊዝኛው ድራሹ ስለጠፋበት በአማርኛ ጀመረ።

«ጁላይ አሥራ አንድ፣ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል! ከኮሜርስ ሲቲ መውጫው፣ መብራቱ ላይ! ሃያ አምስት ደቂቃ! ስድስት ጠመንጃ ደግናችሁብኝ ነበር፤ ተነሣ ብሎ አንድ እጅ የዘረጋልኝ ግን የለም። ሰው ነኝ እኮ! ይኼ ደግሞ ትምህርት ያስፈልገዋል?»

ጌጥነሽ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመችለት። አሁን የሳቀ የለም። ኃላፊው ከሰብሳቢዋ እስክሪብቶ ተውሶ ጻፈ።

ከሁለት ወር በኋላ ከፖሊስ ባለ አራት መስመር ደብዳቤ መጣ። ጉዳዩ ተመርምሯል፤ ፖሊሶቹ በሥልጠናቸው መሠረት ሠርተዋል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ብረት ለበሱም መኪና ተገዛ።

«ትብብር!» አለ ባሕሩ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ እየመታ። «ጀርባዬ ላይ ተንበርክከውብኝ ምን ላደርግ ኖሯል? ልፈራገጥና ልገደል?»

«በቃ ባሕሩዬ፣ ለጌታ እንተወው» አለችው። የደም ግፊቱ አስፈርቷታል።

እሱ ግን ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ፣ ቀና ሳይል «ቀጣዩ ስብሰባ መቼ ነው?» አላት።

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር…» ብላ ጀመረች፤ የተረቱን መጨረሻ ግን አማኝነቷ አላስጨርስ አላት። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ወረቀቱን አነበበች።

«ሦስተኛዋን አጥብቃት» አለችው። «በእሷ በኩል ያመልጡሃል።»