አስር ክር የሚሰፋው መኪና

እትዬ እልፍነሽን በደንብ አላውቃቸውም። ስለ እሳቸው ልጽፍ ነው ስል የግቢያችን ሰው ሁሉ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?» ስላለኝ ይህን ከመጀመሪያው መናገር አለብኝ። እውነታቸውን ነው። አዳማ ውስጥ በአንድ ግቢ ተከራይተን ስድስት ዓመት ኖረናል፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ የማውቀውም ግድግዳው ያሳለፈልኝን ያህል ነው። እኔ ሰው ቤት ገብቼ የምጫወት ዓይነት አይደለሁም። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ ሰብስቤ» ይሉኛል፤ እመልሳለሁ፤ ከዚያ በትክክል መመለሴን ቤቴ ገብቼ አስብበታለሁ።

የእሳቸውን ዓይነት ሰው ግን አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከሞጆ እስከ ሁሩታ ባለው አገር ከስልክ የተማረ ሰው የሌለበት ግቢ የለም። ሐኪም ያላዘዘውን የሚያዝ፣ መካኒክ የዘጋውን ሞተር የሚከፍት፣ «ቪዲዮ ላይ አይቼዋለሁ» ብሎ የሚጀምር፣ ከዚያ ሌላ ሰው ተጠርቶ የሚጨርስለት ሰው። እነዚህ ሰዎች መብራት በጠፋ ቀን እንኳ አያርፉም፤ ትናንት ያዩትን ይሞክራሉ።

የእነዚህ ሁሉ የበላይ ክብርት ፕሮፌሰር እልፍነሽ ናቸው። ማዕረጉን በልቤ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። መፈክራቸው «የአንድ ደቂቃ ነገር ናት» የሚል ነው። የግቢውን ቧንቧ የአንድ ደቂቃ ነገር ናት ብለው ፈቱት፤ ሁለት ቀን በጀሪካን ቀዳን። የጎረቤታችንን የወልደአማኑኤልን ፀጉር የአንድ ደቂቃ ነገር ናት ብለው ቆረጡት፤ ወልደአማኑኤል ከኮፍያው ጋር ወር ከረመ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኮፍያ ማውለቅ ግድ ስለሆነ ያን ወር ሙሉ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አስቀደሰ። ነገር ግን ቧንቧው ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ይህም መጻፍ አለበት።

ሙያቸው ስፌት ነው። ሃያ ዓመት ገበያ ውስጥ በሲንጀር ሰፍተዋል፤ ከዚያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ገብተው ሰባት ዓመት ሸሚዝ ሰፍተዋል። ጡረታቸው ሲቃረብ ቤታቸው ሆነው የሚሰፉበት አሮጌ መኪና ሊገዙ ተነሡ። «ሰብስቤ፣ ና፣ ዕቃ ታግዘኛለህ» አሉኝ። እምቢ ማለት አልችልበትምና ሄድኩ።

ሳሊህ በሞጆ በኩል ከውጭ የሚገባ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከተሰበሩ ወንበሮች ጀርባ አንድ ረጅም፣ ባለ አራት እግር ነገር ቆሟል። እትዬ እልፍነሽ ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩ። ፔዳል አለው። በጉልበት የሚገፋ ብረትም አለው። የፋብሪካ ስፌት መኪና ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሰፊዋ በእግሯ ትነዳዋለች፤ የኮሌታው ማዕዘን ላይ ስትደርስ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደተከለች ትቆማለች፤ በጉልበቷ ብረቱን ትገፋና ጨርቁን የሚጫነውን እግር ታነሣለች፤ ጨርቁን ታዞራለች፤ ትቀጥላለች።

«ሳሊህ፣ የዚህ መኪና ራሱ የት አለ?»

«የምን ራስ፣ እትዬ?»

«መርፌ የሚይዘው ነዋ!»

«እኔ እንደመጣ ነው የምሸጠው። ራሱ ባሕር ማዶ ቀርቶ ይሆናል።»

እትዬ እልፍነሽ ከላይ የተወጠሩትን ሽቦዎች በጣታቸው ቆጠሩ። ሳሊህ ዋጋ እንዳይጨምር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አስር ክር በአንዴ የሚሰፋ ነው፤ ዝም በል» አሉኝ። ዝም አልኩ። በዚህ እንኳ አልታማም።

ቤት ደርሰን በጣታቸው ሲነኳቸው ሽቦዎቹ አቃሰቱ። ፎቶ አነሡትና ስልካቸውን ጠየቁት። ስልኩ እንደ ልማዱ ሁሉን ያውቃል፤ «ፔዳል ስቲል ጊታር» አላቸው።

«ሰብስቤ፣ አንተ አስራ ሁለተኛን የጨረስክ ሰው ነህ። ጊታር በእግር ይመታል?»

«አይመታም፣ እትዬ።»

በሕይወቴ በእርግጠኝነት ከተናገርኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀኑት። ሰፊ ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ ፈረንጅ ተቀምጦ በእግሩም፣ በጉልበቱም፣ በሁለት እጁም ይጫወታል። ድምፁ ሰው አፉን ሳይከፍት የሚያንጎራጉር ይመስላል። አንድ ደቂቃ ሲሞላ ቪዲዮው ተቆረጠ።

«ለሳሊህ እንመልሰው?» አልኩ።

«ለምን? የአንድ ደቂቃ ነገር ናት።»

እንዲህ ሆኖ ትምህርቱ ተጀመረ። ሽማግሌው ሽቦው ላይ የሚያንሸራትተው ለስላሳ ብረት የላቸውም፤ ከአንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ከሞተር የወጣ ብረት አመጡ። ጣቱ ላይ የሚያጠልቀው ነገር የላቸውም፤ መርፌ እንዳይወጋቸው ሲሰፉ የሚያጠልቋቸውን የጣት ቆርቆሮዎች በሦስት ጣታቸው አጠለቁ። ድምፁን የሚያጎላ ነገር የላቸውም፤ ራዲዮ ጠጋኙ ደገፋ ከተሰበረ ቴፕ ላይ ድምፅ ማጉያ ፈቶ አያያዘላቸው። ሽማግሌው የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ነው፤ እትዬ እልፍነሽ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ይህን ባነሣባቸው ጊዜ አዘኑልኝ። «እጁን ነው የማየው፤ አፉ ምን አገባኝ!»

ሰው እንዲህ ሲማር ሰምቼ አላውቅም። ከሥራ ይመጣሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ይቀመጣሉ። እግርና ጉልበት፣ ግራ እጅና ቀኝ እጅ ለየብቻ ማዘዝ ለሌላው ሰው የዓመት ሥራ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሲያዙ የኖሩ ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት ከግድግዳው ወዲያ የመጣውን ድምፅ ሰምቼ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ይህን ግን ለማንም አልነገርኩም።

ችግሩ ሌላ ነው። ቪዲዮው ሁሉ አንድ ደቂቃ ነው። ዘፈኑ ይጀምራል፣ ይሞቃል፣ ልብ ይይዛል፣ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ክብርት ፕሮፌሰር የአርባ ዘፈን መግቢያ አወቁ፤ የአንድም መጨረሻ አያውቁም። ግቢያችንም አብሮ ተማረ። ልብስ የምታሰጣ ሴት አርባ ዘፈን ታንጎራጉራለች፤ ሁሉንም እኩል ቦታ ላይ ታቆማለች።

«እትዬ፣ አንዱን እንኳ ጨርሰው ይግደሉን!» ይላል ወልደአማኑኤል ከደጃፉ።

«ክፍል ሁለት ይለቀቃል፤ ጠብቅ!»

ክፍል ሁለት አልተለቀቀም።

ይባስ ብሎ ጉልበታቸው አስቸገራቸው። ቪዲዮው የሚቆረጥበት ቦታ ሲደርሱ እጃቸው የሚሄድበት ያጣል፤ ያን ጊዜ ጉልበታቸው ሳያዙት ብረቱን ይገፋል። ፋብሪካ ውስጥ ማዕዘን ላይ ሲደርስ እንደለመደው መሆኑ ነው። የሽቦው ድምፅ ግማሽ እርከን ወርዶ ይንጠለጠላል፤ ሆድ ይባባል። «ይቺ ጉልበት አሁንም ፓርኩ ናት!» እያሉ ይቆጧት ነበር። በመጨረሻ ቀኝ ጉልበታቸውን በሻሽ ከወንበሩ እግር ጋር እያሰሩ መለማመድ ጀመሩ።

አንድ ሰሞን ስልካቸው ውሃ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ሽማግሌውን ሳላይ አልመታም ብለው ግቢው ሳምንት ሙሉ ጸጥ አለ። ወልደአማኑኤል ስለት የሰመረለት መሰለው። እኔ ጸጥታ ጸጥታ እያልኩ ስማረር የኖርኩ ሰው ሳምንቱን ሙሉ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። በስምንተኛው ቀን በራቸውን አንኳኳሁና ስልኬን ሰጠኋቸው። «አልፈልገውም፤ ብዙ አልደውልም» አልኳቸው። ወር ያህል ይዘው መለሱልኝ። ስልኬ እስከ ዛሬ ባርኔጣ የደፉ ሽማግሌዎችን እንጂ ሌላ ነገር አያሳየኝም።

የጡረታ ሽኝታቸው ቀን ተቆረጠ። በፋብሪካው ልማድ ለተሸኚው ብርድ ልብስ ይሰጣል፣ የመስመር ኃላፊው ከወረቀት ያነብባል፣ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። የመስመር ኃላፊው ማናሴ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ጎልማሳ ነው። እትዬ እልፍነሽ «ሙዚቃውን እኔ እመታለሁ» አሉት። አሰበበትና፣ «እሺ እትዬ፣ አንድ ዘፈን። ግን ሙሉ ይሁን» አላቸው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬን አንኳኩ። አልተቀመጡም።

«ሰብስቤ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሰፍቼ በመጨረሻዋ ቀን ከሳቁብኝ፣ የሚታወሰው ሳቁ ነው።»

«ይተዉት ታዲያ።»

«አልተውም። መጨረሻውን ግን አላውቀውም።»

ጸሐፊ ነህ ይሉኛል፤ እንዲህ ላለ ጊዜ የሚሆን አንድ ቃል ሊኖረኝ ይገባ ነበር። «ምናልባት ዛሬ ክፍል ሁለት ይለቀቅ ይሆናል» አልኳቸው። አይተውኝ ሄዱ። ሌሊቱን ስለዚህ መልሴ ብዙ አሰብኩበት።

በማግስቱ ዕቃ የሚያግዝ ጎረቤት ተብዬ አዳራሹ ገባሁ። ሁለት መቶ የሚሆኑ ሰፊዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። እትዬ እልፍነሽ ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል። ጫማቸውን አወለቁ። ቆርቆሮዎቹን አጠለቁ። ሻሹ ጉልበታቸው ላይ የለም።

ከፊት ረድፍ ጂጂ የምትባል አፏ የማያርፍ ልጅ፣ «ማዘር፣ ዳታ እንዳያልቅብሽ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጀመሩ። የመረጡት ያንን የመጀመሪያ ቀን ያየነውን ዘፈን ነው። ሳቁ ቀስ እያለ ከኋላ በኩል ሞተ። ድምፁ ከዚያች ከቴፕ ከወጣች ማጉያ እየተጎተተ ይወጣል፤ የባሕር ማዶ ዘፈን ነው፤ ቢሆንም ማንም አላንገራገረም። እኔ ግን እየቆጠርኩ ነበር። የሚቆረጥበትን ቦታ ከግድግዳው ወዲህ ስምንት ወር ሰምቼዋለሁ። ሲቃረብ አንገቴን ደፋሁ።

ደረሱ። ቆሙ። ሽቦው ብቻውን ትንሽ ጮኸ።

ከዚያ ጉልበታቸው ብረቱን ገፋ። ድምፁ ወረደ፣ ተንጠለጠለ፣ የሁላችንንም ሆድ ይዞ ቆየ። ቀና ስል የፊት ረድፍ ሴቶችን አየሁ። የሁሉም ቀኝ ጉልበት አብሮ ተንቀሳቅሷል። አንድም ሰው አላዘዛቸውም።

«ዞረች!» አለች ጂጂ፣ ከወንበሯ ተነሥታ። «ማዘር ማዕዘኑን ዞረች!»

በእርግጥም ዞረዋል። ከዚያ ማዕዘን ወዲያ ያለው የሽማግሌው ዘፈን አይደለም፤ ባርኔጣ የደፋ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢመጣ አያውቀውም። የትዝታ ቅኝት ነው፣ የኛው፤ ግን እንዲያ እየተንሸራተተ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳይቆረጥ ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም። አልቸኮሉም። ወደ ታች ወረዱ፣ እንደገና ወጡ፣ መጨረሻው ላይ አንዲት ድምፅ እስክትጠፋ ጠበቁና እጃቸውን አነሡ። «ጋሪዳ» አሉ፣ ለራሳቸው። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

ማናሴ የሚያነበውን ወረቀት እንዳጠፈ ኪሱ ከተተው። እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። እኔ ሰው ፊት መናገር የማልወድ ሰው፣ ምንም ላልጠየቀኝ የበር ጥበቃ «ጎረቤቴ ናቸው» አልኩት። ቀጥዬ ብርድ ልብሱን ለያዘችው ልጅ። ቀጥዬ ለማናሴ፣ እሱም እንደማያውቃቸው ሁሉ።

ሰው ሲበተን ዕቃውን ሁለት ሆነን ወደ ውጭ አወጣነው። እኔ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በአንድ በኩል። ስምንት ወር ሙሉ በግድግዳው በኩል ብቻ ስሰማቸው የኖርኩ ሰው አሁን እሳቸውን መጠየቅ ፈለግሁ፤ ከተናገርኩ በኋላ ቤቴ ገብቼ እንደማስብበት እያወቅሁ።

«እትዬ፣ ያንን ማዕዘን አስበው ነው የዞሩት ወይስ ጉልበትዎ ነው?»

ዕቃውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አሳረፉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጥቶ ተመለሰ።

«ባጃጅ ጥራ» አሉኝ።