ቄሱ ለምን በጎን ይቆማሉ?

የቄስ ታረቀን አነባበብ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ኦሪቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ እርሳቸው ከግራ ጎኑ ነው የሚቆሙት። እኔ ማስረዳት እወዳለሁና ለጓደኞቼ፣ "ትሕትና ነው፤ ሰው በቅዱስ መጽሐፍ ፊት ፊት ለፊት አይገተርም" አልኳቸው። አመኑኝ። እኔም ራሴን አመንኩት።

ታዲያ አንድ ሰንበት ቄሱ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ "ከእንግዲህ ወጣቶችም ያንብቡ። በዚህ ልጅ እንጀምራለን" ብለው እኔን ጠቆሙ። አባ ሙላት የሚባሉ ኮስታራ ሽማግሌ ብድግ አሉ። "ከተደናበረ የወጣቶቹ ንባብ በዚያው ይቅር!" ጉባኤው ተስማማ። ገባችሁ? እኔ ከወደቅኩ፣ እዚህ እስራኤል አገር፣ በከተማችን በቂርያት ጋት፣ ወጣት ቤተ እስራኤል የተባለ ሁሉ ከእኔ ጋር ወደቀ ማለት ነው።

ጊታር ከዩቲዩብ ተምሬያለሁ። ስልክ መጠገንም። የግዕዙን ንባብ ግን ከፊደሉ ጀምሮ የተማርኩት ቄሱ ቤት፣ ከጠባቧ ጠረጴዛ ላይ ነው። እርሳቸው እንደ ልማዳቸው ከግራ ጎኑ፣ እኔ በተረፈችው ቦታ ከላይ በኩል፣ ኦሪቱ መሃል። የተመቻቸው ለማን ነው? ለእርሳቸው እንጂ! ኦሪትን ከቄስ ነጥቆ ወደ ራሱ የሚያዞር ባለጌ ማን ነው? ሦስት ወር እንዲያ አጠናሁ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ጋ ቆሜ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየ አለቃዬ፣ "ደህና ነህ?" አለኝ። ደህና አልነበርኩም። እህል እንኳ እምቢ ብሎኝ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። እማዬ ዓርብ ሁለቴ የተኮሰችው ሸሚዝ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ጓደኛዬ ዮሲ ሊያበረታታኝ ጠጋ ብሎ፣ "አሂ፣ ወንድሜ፣ አመድ መስለሃል" አለኝ። ማበረታቻው ይህ ነው እንግዲህ!

ከጠረጴዛው ኋላ ቆምኩ፤ ሕዝቡ ፊት ለፊቴ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዲት ፊደል አላውቅም! ፊደሎቹ ሁሉ እግራቸውን ሽቅብ አንስተዋል። ለካ እኔ ማንበብ የተማርኩት መጽሐፉን ከራስጌው በኩል እያየሁ፣ ገልብጬ ኖሯል።

እስቲ ፍረዱኝ። ኦሪትን በሰው ፊት ልዘቅዝቅ? ወይስ ወደ ጠረጴዛው ማዶ ዞሬ ለሽማግሌዎች ጀርባዬን ልስጥ? ሁለቱም ያስረግማል። አባ ሙላት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ስሰማ እግሬ ራሱ ይዞኝ ዞረ። ጀርባዬን ሰጥቼ አንድም ሳልስት እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

ከኋላዬ ምን ሊወረወርብኝ ይሆን ብዬ አንገቴን ቀበርኩ።

"አያችሁ!" አሉ አባ ሙላት፤ ድምፃቸው እንባ እንባ ይላል። "ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዞረ! እኛ ትልልቆቹ እንኳ ያላሰብነውን! ይህን ማን አስተማረው?"

ቄሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ዝም በል ልጄ። አገር ቤት እኛ ተማሪዎቹ አራት፣ መጽሐፉ አንድ ነበር። ዙሪያውን ከበን ነው የተማርነው። የኔ ቦታ በግራ በኩል ነበረች።"

ከዚያ ወዲህ ወጣቶቹ በየተራ ያነባሉ፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው። የማስተምራቸውም እኔ ነኝ፣ ሁላቸውንም ከጎኔ፣ ከመጽሐፉ ራስጌ አስቀምጬ። ቄሱ ግን ለምን በጎን ይቆማሉ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ማስረዳት እወዳለሁና፣ "ትሕትና ነው" እላቸዋለሁ።