ሲስተር ቆንጂት ከናይሮቢ ተምራ ስትመጣ

ከሰው ሁሉ አድካሚው ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ታሞ የመጣ ይተኛል። ሰክሮ የመጣም ትንሽ ለፍልፎ እንቅልፍ ይጥለዋል። ተምሮ የመጣ ግን ራሱም አይተኛ፣ ሌላውንም አያስተኛ። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ በኬንያዋ ሞያሌ ሆስፒታል ለነርስ ሁቃ የደረሰችው ክብርት ሲስተር ቆንጂት ነበረች።

ሁቃ የሕሙማን መኝታ ክፍሉ፣ የዋርዱ፣ ኃላፊ ነው፤ ጠጉሩ እዚያው ዋርድ ውስጥ ነው የሸበተው። ከቆንጂት በፊት ሁለት ነርሶች የካንሰር ነርስነት እንዲማሩ ተልከው ነበር። አንዱ ናይሮቢ ቀረ፣ ሌላዋ ባሕር ተሻገረች። ስለዚህ የማንያታ ሰፈሩ ባለሱቅ ልጅ ቆንጂት ተምራ ስትመለስ ሁቃ ከልቡ ደስ አለው። ደስታው እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ።

ከምሳ በኋላ ማስተማር ጀመረች።

«ጋሽ ሁቃ፣ ናይሮቢ ጓንት እንዲህ አይወለቅም።» «ጋሽ ሁቃ፣ ናይሮቢ በሽተኛ ሕመሙ ምን ያህል እንደሆነ ይጠየቃል እንጂ ‹ቻለው› አይባልም።» ስትቆጣው እንኳ በአንቱታ ነበር፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ ያደክማል። ሄሉ ሰፈር እስክትደርስ የቦዳቦዳውን፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌቱን፣ ነጂ ከኋላው ተፈናጥጣ ስለ ሲጋራ ትሰብከዋለች። ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹን አጥር ጥግ ሰብስባ ጡታቸውን እንዴት እንደሚፈትሹ ስለምታሳያቸው፣ ቄሱ በዚያ በኩል ማለፍ ትተዋል።

ዋናው ስብከቷ ግን ስለ ትኩሳት ነበር። የካንሰሩ መድኃኒት፣ ኬሞው፣ የሚሰጠው ሩቅ ከተማ ነው፤ በሽተኛው ወስዶ ይመለሳል፣ ጣጣው ሞያሌ ላይ ይወጣል።

«ኬሞ የወሰደ ሰው ካተኮሰው ወረፋ አይጠብቅም!» ትላለች። «መድኃኒቱ ካንሰሩን ብቻ አይደለም የሚገድለው፣ በሽታ የሚከላከለውንም ደም ይጨርሳል። ወባ ነው ብለው ኪኒን ሰጥተው ከመለሱት፣ ቀብሩ ላይ ነው የምትገናኙት።»

«ሰምቻለሁ፣ ሲስተር።»

«ከሰሙማ ይድገሙልኝ።»

ሁቃ በዚህ ዕድሜው ደገመላት። የበሩ አስካሪ፣ ዘበኛው አዳንም ሳይቀር ደግሟል።

አንድ ቀን የማርሳቢት ነርሶችን ልታስተምር ሄደች። ዋርዱ እፎይ አለ። ሁቃም ሻይ አስቀድቶ ቁጭ ከማለቱ ግቢው በጩኸት ተናጋ።

መሪማ የምትባል ሴት ከኦቦ መንደር መጥታ ነበር። የጡት ካንሰር ታማሚ ናት። «ትንሽ አተኮሰኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም» ብላ ከወረፋው መጨረሻ ተቀመጠች። አዳን አየት አደረጋትና፣ «ማማ፣ ኬሞ ወስደሻል እንዴ?» አላት።

«ባለፈው ሳምንት።»

አዳን ብድግ አድርጎ ታቀፋት። «ወረፋ አትጠብቅም!» እያለ ሕዝቡን ገፍቶ ገባ። «ዘመዱ ሆና ነው!» ብለው ሰደቡት።

ሁቃ ግንባሯን ሲነካ እጁን አቃጠለው። ተረኛው ሐኪም ቀና ሳይል፣ «ወባ ይሆናል። የላቦራቶሪ ውጤት ይምጣና እናያለን» አለ።

ሁቃ ሐኪም ተከራክሮ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆመ። «ዶክተር፣ ይቺ ሴት ውጤት እስኪመጣ አትቆይልንም። አንቲባዮቲኩ አሁን ይታዘዝልኝ።»

ሐኪሙ ፊቱን አይቶ አዘዘ። ሁቃ ራሱ ደም ሥሯን ፈልጎ መድኃኒቱን ሰጣት፣ አጠገቧም ተቀመጠ። ሻዩ እንደ ተቀዳ ቀዘቀዘ። በማግስቱ ጠዋት መሪማ ዓይኗን ገልጣ ወተት ጠየቀች።

ቆንጂት ስትመለስ ሁሉም ምስጋና ጠበቀ። ጓንቷን አጥልቃ ሴትየዋን አገላብጣ አየችና፣ «ለምርመራ የሚሆነው ደም የተቀዳው ከአንቲባዮቲኩ በፊት ነው?» አለች።

«በኋላ ነው፣ ሲስተር።»

«ጋሽ ሁቃ፣ ናይሮቢ እኮ...» ወደ መስኮቱ ዞራ ፊቷን በክርኗ ጠረገች፤ በጓንት ፊት አይነካምና።

ጥቂት ወራት አልፈው ከናይሮቢ ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ለሁቃ ስልክ ተደወለ። «ሲስተር ቆንጂትን ልንቀጥራት እንፈልጋለን። ጸባይዋ እንዴት ነው?»

የሁቃ ድካም ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «ጸባይ? ሰው ታደክማለች! ሻይ አታስጠጣም! ቄስ ታሸሻለች!»

«እንዲህ ካስመረረቻችሁማ እኛ እንገላግላችሁ።»

«ማን ገላግሉኝ አላችሁ?» ብሎ ጮኸ ሁቃ፤ ስልኩንም ዘጋው። ከዚያ ቆንጂት ወዳለችበት ሄደ።

«ልትሄጂ ነው እንዴ?»

«ደወሉልዎት? ነግሬያቸዋለሁ እኮ፤ በእኔ ቦታ የሚሆኑ ሁለት ሰዎች ሳላሠለጥን የትም አልሄድም።»

«ማንና ማንን?»

«አንዷ ወጣቷ ነርስ ፎዚያ ናት፣ እሷስ ፈጣን ናት። ሌላው እርስዎ ነዎት። እርስዎ ግን ሲበዛ ቀስ ብሎ ነው የሚገባዎት፣ ጋሽ ሁቃ።»

ሁቃ ዕድሜ ልኩን በቅልጥፍናው ሲመሰገን የኖረ ሰው ነው። አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አላት። «እኔ ምንም ነገር ቶሎ አይገባኝም።»