ጋሼ ሙላት እና ከሰማይ የወረደው ፊደል

ባለቤቴ ራሔል ሞታለች። ሰው ሲሞትብህ ሊቅ እንደሚበዛብህ ግን ቀድሞ የሚነግርህ የለም።

የእኛ ቤት ሊቅ ጋሼ ሙላት ናቸው፣ የራሔል አጎት። እሑድ ከስፕሪንግፊልድ እኛ ዘንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ነድተው መጡና፣ የመቃብሯ ድንጋይ በእብራይስጥ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም አሉ። ለምን? ስሟ የእብራይስጥ ነዋ። ፊደሉም ከሰማይ ወርዶ አንዲት ነጥብ ሳትለወጥ እዚህ ደርሷል። ይህን ሁሉ ዕውቀት የቀሰሙት ትራፊክ ውስጥ ቆመው ከሚያዳምጡት ቪዲዮ ነው።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ልጄን ላይብረሪ ስወስዳት ግን እስክትጨርስ ምን ልሥራ? አነባለሁ። ከሰማይ ወረደ የተባለው ፊደል ከጎረቤት፣ ከከነዓናውያን የተወሰደ ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል አሌፍ ድሮ የበሬ ራስ ሥዕል ነበረች። ኋላ እብራውያኑ ባቢሎን ተሰደዱና የአራማውያንን አጻጻፍ ለመዱ፤ ዛሬ ጋሼ የሚሳለሙት ባለ አራት ማዕዘን ፊደል እሱ ነው። አናባቢ የሚያሳዩት ነጥቦቹማ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመሩ ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ሲመልሱላቸው የሚቆጡት ጋሼ፣ ስደተኛ ያመጣውን ፊደል የሰማይ ነው ይሉኛል።

ይህን ስነግራቸው ሐዘኑ አዙሮሃል አሉኝ። ቀጥለው ልጄ ሶልያና ጽፋ ፍሪጅ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት አዩ። "ረሐለ" ይላል። እናቷ ፊደል ስታስቆጥራት ከመጀመሪያው መስመር ሳያልፉ ታመመች፤ ልጄ የምታውቀው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መን ወደ ታች ብቻ ነው። ጋሼ ሳቁ። ይቺ የእናቷን ስም እንኳ አትጽፍም፣ በአማርኛ ብታስቀርጸው ማን ሊያነብልህ ነው አሉ፣ ልጅቷ እየሰማች።

እኔም፣ እብራይስጡ ራሔልን እንዴት እንደሚጽፍ ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሬስ፣ ሔት፣ ላሜድ፣ ማለት ረ፣ ሐ፣ ለ፤ ሌላ የለውም። የሰማይ ፊደልዎን ይቺ ሕፃን ፍሪጅ ላይ ለጥፋልዎታለች አልኳቸው።

ጋሼ ሥራ ረፈደብኝ ብለው ጃኬታቸውን አነሡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል።

ጥያቄያቸው ግን ሶፋው ላይ ቀረ። ማን ሊያነበው ነው?

እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ላለው ድንጋይ ቀራጭ ቴክስት አደረግሁ፦ በአማርኛ፣ ራሔል። ድንጋዩ እስኪቆም ራ፣ ሔ እና ል መድረስ አለብን። ሶልያናን የፊደል ገበታው ፊት አስቀመጥኳት፣ ጣቷን ይዤ ሁለተኛው መስመር አናት ላይ አኖርኩና፣ "ሁ" አልኳት።