ሆቴል ወይስ ሬስቶራንት፦ የወ/ሮ ዘነበች ታፔላ ጉዳይ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡00

ቦታ፦ መርሳ፣ መኪና መንገዱ ዳር፣ ነገ የሚከፈተው የወ/ሮ ዘነበች ቤት

የተገኙ፦ ጋሽ አንዳርጋቸው (ሰብሳቢ፣ ጎረቤት)፤ ወ/ሮ ዘነበች (ባለቤት)፤ መምህር ወንዳወቅ (ከወልድያ የተጠሩ የእንግሊዝኛ አስተማሪ)፤ አብዱልሐሊም (ታፔላ ጻፊ፣ ድምፅ የማይሰጥ)፤ ኢክራም (ጸሐፊ)። ወጥ ሠሪዋ ወ/ሮ ማሚቴ ወጡ እንዳያርርባቸው ከማድቤት በመስኮት ስለተሳተፉ፣ እንደ ግማሽ ሰው ተቆጥረው ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ የታፔላው ቆርቆሮ ላይ የቀረው ቦታ ለአንድ ቃል ብቻ ነው፤ የትኛው ይጻፍ?

ወ/ሮ ዘነበች “ሆቴል” ይባልልኝ አሉ። ሹፌር ለምሳ የሚያቆመው ሆቴል የሚል ሲያይ እንደሆነ፣ ሬስቶራንት ሲያይ ግን ክራባት ያላሰረ የማይገባበት መስሎት ነድቶ እንደሚያልፍ አስረዱ። መምህሩ ሆቴል ማደሪያ፣ ሬስቶራንት መመገቢያ መሆኑን ለአርባ ደቂቃ አብራርተው፣ ሻንጣ የያዘ እንግዳ አልጋ ቢጠይቅ ምን ሊባል ነው ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ ማሚቴ በመስኮት “በልቶ ይሂዳ” ማለታቸው ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ አልጋ

ጋሽ አንዳርጋቸው ነገሩን ለማብረድ የእንግዳ አልጋቸውን በባጃጅ ጣሪያ ላይ አስጭነው አመጡ። አልጋው ከሽንኩርት ከረጢቶቹ አጠገብ ተዘረጋ። መምህሩ ግን “ሰው ያላደረበት አልጋ የቤት ዕቃ ነው፣ ጋሼ” አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ “ሬስቶራንት” እንዲባል፣ አልጋውም ነገ እንዲመለስ በሁለት ተኩል ለሁለት ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ድሮ የመምህሩ ተማሪ ነበረች። ግማሿ ድምፅ የተገኘችው መምህሩ ወጡን ቀምሰው ካመሰገኑ በኋላ ነው።

ወ/ሮ ዘነበች “ይሁን፤ ዓመት ሙሉ የደከምኩበትን ቤት መኪና ሲያልፈው ቁጭ ብዬ አያለሁ” አሉ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

አብዱልሐሊም “ሬስ” ላይ ሲደርስ የመጨረሻው የወልድያ ሚኒባስ አለፈ። በከተማው ያሉት አልጋዎች ለነገው ገበያ በመጡ ነጋዴዎች መያዛቸው በስልክ ተረጋገጠ። መምህሩ ወደ ሽንኩርቱ በኩል እያዩ፣ ለዛሬ ብቻ እዚያ ጋደም ቢሉ ምን ችግር እንዳለው ጠየቁ።

“ሬስቶራንት አልጋ የለውም፣ መምህር” አሉ ወ/ሮ ዘነበች።



የመጨረሻ ውሳኔ፦ መምህር ወንዳወቅ ባቀረቡትና ራሳቸው በደገፉት ሐሳብ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ “ሬስ” በናፍጣ ተጠርጎ “ሆቴል” እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ስብሰባው 12፡40 ላይ ተዘጋ። ከመምህሩ በቀር ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።