ማርቆስ ላልሆናችሁ ሁሉ

«እኔ ጋ ይሠራል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሶዶ ላይ አብሬው አስተምሬአለሁ፤ መምህር ማርቆስ ይባላል።

የወላይትኛ መዝገበ ቃላት ለኮምፒውተር እየሠራን ነበር፤ ኮዱ ለማንም ክፍት፣ ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም የሚሠራ። የሚሠራ አልኩ እንዴ? ሰውዬው የፋይሎቹን አድራሻ ሲጽፍ የራሱን ፎልደር «ማርቆስ» ከሚለው ስሙ ጋር ኮዱ ውስጥ ተከለው። ፕሮግራሙ በየሰዉ ኮምፒውተር ማርቆስን ይፈልጋል፤ ሲያጣው ቀጥ ይላል።

አንዲት መምህርት ከተበላ ከተማ ደውላ «አልከፍት አለኝ» ብትለው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ኮምፒውተርሽ ላይ የተጠቃሚውን ስም ማርቆስ በይው!» ኧረ ጉድ ነው! በሳምንቱ የእኛም ላቦራቶሪ ኮምፒውተሮች በሙሉ ማርቆስ ሆኑ። ሊኑክስ የተጫነባቸው ግን የፋይል አድራሻ አጻጻፋቸው ከዊንዶውስ ይለያልና ማርቆስ ሆነውም እምቢ ሲሉ «እነዚህ ተበላሽተዋል» ተብለው መጋዘን ገቡ።

አንጀቴ ቢያርር ያቺን አንዲት የኮድ መስመር አስተካክዬ የሰው ስም የሚባል ሰረዝኩባት። ሁሉም ጋ ሠራ። ታዲያ የተመሰገንኩ መሰላችሁ? ግምገማ ተጠራብኝ እንጂ!

«የሚሠራ ነገር ነካክቷል፤ ከቡድኑ ጋር አይግባባም» አለ ማርቆስ። ሌሎቹም ደገፉት። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው «ግለ ሂስ አድርግ» አሉኝ።

ተነሣሁና ስሜ ማርቆስ አለመሆኑን አመንኩ።